ድንቢጦቹ ለምን አልደከሙም

በዚያ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሰንበቴው ቤት ደጃፍ የነበርነው እነዚህ ነን። የደብሩ ቄስ መምሬ ፈንታ በሩ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ሲሳይ ከፊት ለፊታቸው ጥዱ ሥር ቆሟል፤ ከኋላው ገብስ የዘሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ገብስ ያልዘሩትም ነገሩን ለማየት መጥተዋል። እማሆይ ወለተ ጻድቅ ከሴቶቹ ጋር በግራ በኩል ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው መቆም ቀርቶላቸዋል። ዶክተር ምሥጋናው መሐል ላይ፣ ፀሐዩ በሚያገኘው ቦታ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። እኔ ከእሳቸው ኋላ ግንቡን ተጠግቻለሁ።

መንደሯ ከይምርሐነ ክርስቶስ በታች፣ የጥዱ ደን ከእርሻው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለች ናት። ጉዳዩ አንድ ነበር፦ «የወፍ ሰዎች» የሚሉንን እኛን ዛሬውኑ ይሸኙን ወይስ አንድ የመራቢያ ወቅት ይጨምሩልን? ያ ወቅት ካልተገኘ የዶክተር ምሥጋናው የብዙ ዓመት ሥራ እንዳልተቋጨ ጋቢ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ ጡረታ ወጥቼ፣ ቦታዬን ላሠለጠንኳት ልጅ ለቅቄ ያኑ ቀን ልሄድ ነበር፤ ቢሸኙንም ባይሸኙንም መሄዴ አልቀረም። ቢሆንም ሥራዬ ተባርሮ እንዲያልቅ አልፈለግሁም።

ወደዚያ ቀን ከመመለሴ በፊት፣ አንዲት የሙጃ ከተማ ሴት እንዴት የድንቢጥ ደም ቀጂ እንደሆነች ልናገር። ዘመዶቼ ሁሉ ይጠይቁኛል፤ ስነግራቸውም ይስቃሉ እንጂ አያምኑኝም።

የተወለድኩት ሙጃ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፤ ከዚያ በላይ የሚያስኬድ ውጤት አላመጣሁም። ጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ረዳት አድርጎ ቀጠረኝ። ስላይድ አጥባለሁ፣ ደም እቀዳለሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ቁጡ ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን በሽተኛ ሲገባ በር ላይ ይቀራል። «ሰው የሚፈራው መርፌውን አይደለም፤ የአንቺን መጣደፍ ነው» ይሉኝ ነበር። ቀስ እያልኩ የሕፃናትን ደም ሥር በጣቴ ዳስሼ ማግኘት ለመድኩ። በሙጃ ብርድ የሕፃን ደም ሥር እንደ ፈሪ ሰው ይሸሸጋል። እሱን ማግኘት የቻለ ሌላውን ሁሉ ያገኛል።

አንድ ቀን ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው መሸበት የጀመረ ሰው መጡ። ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት፣ የወፎችን ኑሮ አጠናለሁ፣ ቀጭን ደም ሥር ማግኘት የሚችል ሰው እፈልጋለሁ አሉ።

«የምን ደም ሥር?» አሉ አቶ ደሳለኝ።

«የድንቢጥ።»

«ድንቢጥ ደም አላት እንዴ?»

«አላት። ጠብታዋ የሰናፍጭ ፍሬ ታህላለች፤ ግን አላት።»

አቶ ደሳለኝ ወደ እኔ ዞሩ። «እንጉዳይ፣ ሕፃናቱ ተገላገሉሽ። ድንቢጦቹን እግዜር ይሁናቸው» አሉ። በዚህ ዓይነት ተመረቅሁ። ደመወዙ ከጤና ጣቢያው እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ የውሉ ወረቀት ደግሞ በየዓመቱ ይታደሳል፣ በየዓመቱም ይዘገያል። እሱን በዚህ ልተወው።

ዶክተር ምሥጋናው ሥራ ሲያስተምሩ ንግግር አያበዙም። የሚማረው ልማዳቸውን አይቶ ነው። ወፍ ከመንካታቸው በፊት ሁለቱን እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ያሞቃሉ። ጧት ሙጃ ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ ራሳቸውን አቅፈው ሲቆሙ ያያቸዋል።

«ዶክተር፣ በረደዎት?» ይላቸዋል።

«እኔንስ አይደለም» ይሉታል። የቀረውን አያብራሩም።

ወፍ በእጃቸው እያለች አንዲት ቃል አይናገሩም፤ የወረዳው አስተዳዳሪ ቢመጣም ይጠብቃል። «ያዝኳት» አይሉም፤ «መጣች» ነው የሚሉት። ኪሳቸው ውስጥ ሽምብራ ቆሎ አይጠፋም፤ የመጨረሻዋ ወፍ ተለቅቃ ቅርንጫፍ ላይ አርፋ ላባዋን ማስተካከል እስክትጀምር ድረስ ግን አንዲት ፍሬ አይቀምሱም። «ላባዋን ካስተካከለች ረስታናለች ማለት ነው። አሁን እንብላ» ይላሉ። አንዳንዷ ድንቢጥ ቂመኛ ናት፤ እኛም በእሷ ምክንያት ምሳ ሰዓት ያልፍብናል።

መረቡ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ በሁለት እንጨት መሐል ይዘረጋል፤ ወፏ ሳታየው ትገባና ኪሱ ውስጥ ትወድቃለች። አንገቷን በሌባ ጣትና በመሐል ጣት መሐል አድርጎ ጀርባዋን መዳፍ ላይ ማስተኛት ነው። ደረቷን መጫን አይቻልም፤ ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ስለሆነ፣ የጫነ ሰው ያፍናታል። ክንፏ ሲዘረጋ ከክርኗ በታች፣ ላባውን በእርጥብ ጥጥ ገለጥ ሲያደርጉት፣ ሰማያዊ ክር የመሰለ ነገር ይታያል። በቀጭን መርፌ አንድ ጊዜ ነካ። ጠብታዋ ብቅ ስትል ቀጭኗ የመስታወት ቱቦ ራሷ ትስባታለች። ከዚያ ጥጥ ጫን፣ ትንሽ ቆይቶ መልቀቅ። ደሙን በማሽን ስናሽከረክረው ቀዩ ከታች ይቀራል፣ ከላይ ብርዝ የመሰለ ፈሳሽ ይንሳፈፋል። የምንፈልገው ያንን ብርዝ የመሰለውን ነው።

ለምን እንደምንፈልገው ያስረዱኝ አንድ ዝናባማ ጧት መረቡን ጠቅልለን ከአንድ ሰው ቤት ተጠልለን ሳለን ነው።

«በውስጡ ኮርቲኮስቴሮን የሚባል ሆርሞን አለ» አሉኝ። «መጽሐፉ የጭንቀት ሆርሞን ይለዋል። እኔ ግን የጎተራውን ቁልፍ የያዘች እመቤት ነው የምለው። ወይዘሮ እንጉዳይ፣ እመቤቷ ጎተራውን መቼ መቼ ነው የምትከፍተው?»

«ሲራብ ነዋ።»

«እንግዳ ሲበዛስ?»

«ያኔማ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የሚዋለው።»

«ቤቱ ሲቃጠልስ?»

«ያኔ በርግዳው እህሏን ታወጣለች።»

«እንግዲህ ጎረቤት ሆነሽ የቁልፉን ድምፅ ብቻ ብትሰሚ ምን ትያለሽ? ቤቱ ተቃጠለ ነው የምትይው። ሁልጊዜ ግን እሳት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ነው።» ሲመስጣቸው አንቱታውን ይረሱታል፤ እኔም አስታውሼያቸው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍ ስትደነግጥ ይህ ሆርሞን ይወጣል፤ ሰውነቷ ያከማቸውን ጉልበት ለሽሽት ያወጣል። ሳትደነግጥም ግን ጉልበት በሚጠይቅ ኑሮ ውስጥ ካለች፣ ማለትም ብርድ ሲጠና፣ ጫጩት ሲበዛ፣ ምግብ ሲርቅ፣ በዝግታ ከፍ ይላል። ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ የሥራ ዋጋም ነው። ዶክተር ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህችን ሁለተኛዋን ነገር ለማሳየት ነው።

ችግሩ የእኛ መኖር ነው። ወፏ መረቡን ከነካች ከሦስት ደቂቃ በኋላ በደሟ ውስጥ የምናገኘው የራሷን ኑሮ ሳይሆን እኛን መፍራቷን ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት መቅዳት ግድ ነው። ዶክተር የሚጫኑት ሰዓት ነበራቸው፤ እኔ ግን ሁለቱም እጆቼ ወፍ ይዘው ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኜ ሰዓት የማይበት መንገድ አልነበረኝም። አቡነ ዘበሰማያትን ሳልቸኩል ሳልዘገይ መድገም ጀመርኩ። ስንት ጊዜ ስደግመው ጊዜው እንደሚሞላ ከዶክተር ሰዓት ጋር አመሳከርን፤ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ከንፈሬ ዝም ብሎ አያውቅም።

የሙጃ ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ድንቢጦቹ በቤት ክዳንና በግንብ ቀዳዳ ይፈለፍላሉ። ጎጆው ሙሉ ጫጩት የያዘ ወላጅ ቀኑን ሙሉ ትል ሲያመላልስ ይውላል፤ የእሱ ደም ሲመረመር ሆርሞኑ ጥቂት ጫጩት ካለው ይልቃል። ብርዳማ ዝናብ ባደረ ጧት ደግሞ የሁሉም ይጨምራል። እነዚህ የታመሙ ወይም የተሸነፉ ወፎች አልነበሩም፤ ጫጩቶቻቸውን በደንብ የሚያሳድጉት እነሱው ናቸው። እኔም ሦስት ልጆች አሳድጌአለሁ። ነገሩን ለመረዳት ብዙ አላስቸገረኝም።

ሌሎች ምሁራን ግን አዲስ አበባ ላይ ዶክተርን ሞገቷቸው። የሙጃ ወፎች ሆርሞናቸው ከፍ የሚለው ከልፋት ሳይሆን እናንተን ፈርተው ነው፣ ብዙ ጫጩት ያለው ብዙ ስለሚመላለስ ደጋግሞ ያያችኋል፣ ደጋግሞም ይደነግጣል አሏቸው። ዶክተር ይህን ሲነግሩኝ አልተቆጡም። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። «መረብ አይቶ የማያውቅ ወፍ ያለበት ሌላ ቦታ እንሂድ።»

ወደዚህች መንደር የመጣነው ለዚህ ነው።

የቀዳነውን ለማቆየት ብርድ ያስፈልጋል፤ በመንደሩ ደግሞ ፍሪጅ የለም። በበረዶ ሳጥን ይዘን ላሊበላ እንወርድና በአውሮፕላን እስኪሄድ አንድ ሆቴል ውስጥ እናስቀምጣለን። ባለቤቱ የዶክተር ወዳጅ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆመች።

«የጾም ነው የፍስክ?» አለች።

«የወፍ ደም ነው» አልኳት።

«እሱንማ ሰማሁ። የጾሙ ፍሪጅ ወዲህ ነው፣ የፍስኩ ወዲያ ነው። የት ላስገባው?»

ተያየን። ዶክተር «የፍስክ» አሉ። ቱቦዎቻችን ከሥጋውና ከቅቤው ጋር ገቡ። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ሆኖ ፍስኩን የሚከፍተው ስላልነበር፣ ከዚያ የተሻለ ማቆያ አላገኘንም። ዛሬ ዛሬ ይህን ሆርሞን ከወደቀ ላባም ማውጣት ተችሏል። መርፌም በረዶም የወጥ ሠሪ ግልምጫም የለበትም። አዲሶቹ ተማሪዎች ላባ ለቅመው በፖስታ ይዘውት ይሄዳሉ። ያንን ሳይ ሥራዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ እንደወጣ ይሰማኛል። ላባው የሚናገረው ግን ላባው ሲያድግ ስለነበረው ጊዜ ነው፤ የዛሬ ጧቱን ማወቅ የፈለገ አሁንም ደም ይቀዳል።

በአዲሷ መንደር አንድ ሙሉ ወቅት ሠራን። ሥራው ያማረ ነበር፤ መረቡ አልተቀደደም፣ አንዲት ወፍ አልሞተችብንም። ከዚያ የምርመራው ውጤት ከአዲስ አበባ መጣ።

ውጤቱ ሜዳ ነው። ጎጆው የሞላውም፣ አንድ ጫጩት ያለውም፣ ብርድ ባደረበት ጧት የተያዘውም፣ ሙቀት የነበረበትም፣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ዝቅ ያለ። ዶክተር ወረቀቱን ደጋግመው አዩና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ያን ቀን ወፍ ሳይያዝም ቆሏቸውን ሳይበሉ ዋሉ።

በረዶውን ጠረጠርን። ፍሪጁን ጠረጠርን። ቱቦዎቹን፣ ማሽኑን፣ መርማሪዎቹን ጠረጠርን። ዶክተር መጨረሻ ላይ ራሳቸውን መጠርጠር ጀመሩ። «ወይ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ተሳስቻለሁ፣ ወይ ወፎቹ ተሳስተዋል» አሉኝ። «ወፎቹ ደግሞ አይሳሳቱም።» ሳቅ የሚቀናቸው ሰው ናቸው፤ ያን ሰሞን ሳቃቸውን አልሰማሁም። በጤና ጣቢያም በሜዳም ስሠራ ከዚያ የከፋ ወቅት አላስታውስም፤ ምክንያቱን ብናውቅ ይሻል ነበር።

በዚህ ላይ ገብሱ ማሸት ጀመረ፤ ድንቢጡም እንደ ዳመና ወረደበት። ሰዉ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ቢጠብቅ፣ ቆርቆሮ ቢመታ አልሆነም። ድንቢጦቹ ሰውን የሚፈሩ አልመሰሉም። ያን ጊዜ ነው አቶ ሲሳይ ሰንበቴው ላይ ሰው የሰበሰበው።

አሁን ወደ እሑዱ ልመለስ።

«መምሬ» አለ አቶ ሲሳይ፣ «እኔ በእንግዳ ላይ ክፉ አልናገርም። ግን ገብሴ አለቀ። እነዚህ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት ድንቢጥ እንዲህ ነበር? በምን እንደሚጠሩት እነሱ ያውቃሉ።»

«በፉጨት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

መምሬ ፈንታ ወደ ዶክተር ተመለከቱ። «ምን ይላሉ፣ ዶክተር?»

«ወፍ አልጠራም፣ አባ። መረቤን የምዘረጋው ለመጣው ነው» አሉ። «ግን እኔም አቤቱታ አለኝ። የእናንተ ድንቢጦች አይደክሙም።»

«ምን አሉ?» አለ አቶ ሲሳይ።

«ጎጆ ሙሉ ጫጩት ይዘው እንደ ባለጠጋ ዘና ብለዋል። የሙጃዎቹ በዚህ ጊዜ ወገባቸው ይቆረጣል።»

«የእኔ ገብስ ነዋ ያዝናናቸው!»

«ደሙን ስንቀዳ የእርስዎ ገብስ ገና ሣር ነበር።»

አቶ ሲሳይ ወደ እርሻው ዞር ብሎ አሰበ፤ እውነት ነው። እኔ ግን የማየው ሴቶቹን ነበር። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች።

እማሆይ ወለተ ጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሲሳይ፣ ወፉን አትውቀስ፣ እንግዶቹንም አትውቀስ። ያበላኋቸው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? ምን አበሏቸው?»

«ገብስ ነዋ። ምን ላበላቸው ኖሯል፣ ቁርጥ?»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። አቶ ሲሳይ አልሳቀም። «ለምን፣ እማሆይ?»

እማሆይ በጣታቸው ወደ ግንቡ፣ ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይህች ልጅ ወፏን በእጇ ይዛ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግምላት አየኋታ! ከንፈሯ አያርፍም። ለደህና ወፍ ማን ይደግማል? ልትሞት ነው አልኩ። እህል ሳትቀምስ አትሙት ብዬ ከጎጆዋ ሥር እፍኝ በተንኩ። በነጋታው ሌላዋን ይዛ ስትደግም አየሁ። ስንቷን ልተው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የስልሳ ዓመት ሴት ነኝ፤ ልጅ መባሌ ባይከፋኝም መታየቱ አልተመቸኝም።

«እማሆይ፣ ለሰዓት ነው» አልኩ።

«ለምን?»

«ለሰዓት። ደቂቃ ለመቁጠር።»

«በአቡነ ዘበሰማያት?»

«እጄ ወፍ ይዞ ነው።»

መምሬ ፈንታ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ግን አየን። አቶ ሲሳይ እጁን ዘረጋ። «አንድ እማሆይ በእፍኝ የበተኑት ይህን ሁሉ ድንቢጥ አያመጣም!»

«ብቻቸውን አይደሉማ» አለች ሚስቱ ጥሩዬ ከሴቶቹ መሐል። «እማሆይ ካዘኑ እኛ አረመኔ ነን? ጭብጥ ጭብጥ እያልን ሰጥተናል።»

«አንቺም?»

«ከእንክርዳዱ ነው።»

«እንክርዳዱ ከየትኛው ጎተራ ነው?»

«ስንት ጎተራ አለንና ነው፣ ሲሳይ?»

ከዚህ በኋላ ገበሬዎቹ መያዣ አልነበራቸውም። አንዱ «የእኔዋም ከወፍጮ ስትመለስ ጆንያዋ የሚጎድለው ለካ!» እያለ ጭኑን መታ። አንዱ ደግሞ «መምሬስ?» አለ። መምሬ ፈንታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የሰንበቴ ፍርፋሪ መቼም አይጣልም» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ዶክተር ምሥጋናው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ታመሙ ብዬ ቀረብኩ፤ እየሳቁ ነበር። ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው ሳቃቸውን የሰማሁት። ዓይናቸውን ጠርገው ሲነሡ «ማን ለየትኛው ጎጆ እንደሰጠ የሚያውቅ አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ወፍ በስሙ ይጠራል እንዴ?» አለች ጥሩዬ።

«እንግዲህ ያ ወቅት ጠፍቷል» አሉ ዶክተር። «ለማንም አላሳየውም። እናንተ ግን አንድ ነገር አሳይታችሁኛል። ለጫጩቶቻቸው ትል መፈለጋቸው አልቀረም፤ ለራሳቸው ሆድ መንከራተት ግን ቀረላቸው፤ ደማቸውም አረፈ። ሰው ፈርተው ቢሆን ኖሮ፣ መረብም እኛም ከፊታቸው ሳንጠፋ እንዲህ አያርፍም ነበር። ይህን በሰው ፊት ለመናገር ግን ሳይጠግቡ ሲሠሩ ማየት አለብኝ። አንድ ወቅት ስጡኝ። በዚያ ወቅት ማንም አንዲት ፍሬ አይበትንላቸው።»

«ማብላቱ ከቀረ ገብሴም ይተርፋል» አለ አቶ ሲሳይ። «እኔ ተስማምቻለሁ። ይቆዩ።»

«አይሆንም» አሉ እማሆይ።

ሳቁ ቆመ። በመንደሯ ሴቶች ዘንድ የእማሆይ ቃል ከሊቀመንበሩ ይበልጣል። እሳቸው ካበሉ ሁሉም ያበላሉ፤ ሁሉም ካበሉ ወቅቱ ቢሰጠንም ከንቱ ነው። ዶክተርም ይህን ስላወቁ ቀና ብለው ይጠብቁ ጀመር።

«ደሟን ወስዳችሁ በባዶ ሆዷ ልትሰዷት ነው?» አሉ እማሆይ። «ባላይ ኖሮ እሺ። አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልልም።»

«እማሆይ፣ አያማትም» አሉ ዶክተር።

«አንተ ወፍ ሆነህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያስ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ነይ። የወፏን መርፌ አምጪ። እኔን ውጊኝና ልየው።»

መምሬ ፈንታ እጃቸውን አነሡ። «እማሆይ፣ ዛሬ ቆርበዋል?»

«አልቆረብኩም። ብቆርብማ ደሜን አፈሳለሁ?»

«እንግዲህ ፈቃድዎ ነው።»

እጄን ታጠብኩ፤ ለወፍ ከምንጠቀምበት ዓይነት አዲስ መርፌ ከመያዣው አወጣሁ። የጤና ጣቢያው ዘመን ትዝ አለኝ፤ የእማሆይን ያህል ያስፈራኝ ሕፃን ግን አልነበረም።

«ወፏን የት ነው የምትወጊያት?» አሉኝ።

«ከክርኗ በታች።»

«እኔንም እዚያው።» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ቀጭን ነው፤ ቆዳቸው ደም ሥሩን አይሸፍነውም። ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ። ሰዉ ሁሉ ጠጋ አለ፤ ማንም አይተነፍስም።

ነካሁ። ጠብታዋ ብቅ አለች፣ ቱቦዋ ሳበቻት፣ ጥጡን ጫንኩ።

«ጨርሻለሁ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ቀድቻለሁ።»

ዞረው ክንዳቸውን፣ ከዚያ ቱቦዋን አዩ። «ትንኝ ይብሳል» አሉ። ሰዉ ተነፈሰ። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ፈርቻለሁ ግን» አሉ። «ሳትወጊኝ። ወደ እኔ ስትመጪ ልቤ መታ።»

«ለዚያ ነው የምንፈጥነው፣ እማሆይ» አሉ ዶክተር በዝግታ። «ፍርሃቱ ደሟ ውስጥ ሳይደርስ እንድንቀድመው። ስትለቀቅም ቶሎ ወደ ጫጩቶቿ ትመለሳለች።»

«ፍርሃቱን አትፈልጉትም?»

«አንፈልገውም። የምንፈልገው ልፋቷን ነው።»

እማሆይ አሰቡ። አቶ ሲሳይ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ጥሩዬ በክርኗ ጎሸመችው።

«በሉ እንግዲህ ትልፋ» አሉ እማሆይ። «የወለደ ይለፋል፤ ለእኛስ ማን በተነልን?» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ሰምታችኋል። ወቅቱ እስኪያልፍ አንድ ፍሬ እንዳትጥሉ። ፍርፋሪውም ለውሻ ይሁን፣ መምሬ።»

«ይሁን» አሉ መምሬ ፈንታ።

እማሆይ ክንዴን ያዙኝ። «አንቺ ግን በአቡነ ዘበሰማያት ደቂቃ መቁጠር ይቅርብሽ።»

«ቀርቷል፣ እማሆይ። ጡረታ ወጥቻለሁ። ከእንግዲህ የምትቀዳው ሌላ ልጅ ናት።»

«እጇ ቀላል ነው?»

«ከእኔ ይቀላል።»

ዶክተር ምሥጋናው ወደ እኔ አዩ፤ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። እማሆይን ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ የመምሬን መስቀል ተሳለምኩ፣ ለላሊበላ መኪና እንዳልዘገይ በጥዱ መሐል ቁልቁል ወረድኩ።